ካላ አዛር፣ ኤች አይ ቪ እና የቆላው ጉልበት ሠራተኛ፦ ጥያቄና መልስ

በመተማና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላማ አካባቢዎች በጤና መኮንንነት ባገለገልሁባቸው ዓመታት አብዛኛው ጊዜዬ ያለፈው ካላ አዛር የሚባለውን፣ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈውንና ካልታከመ የሚገድለውን በሽታ የያዛቸውን ሕሙማን በማከም ነው። በሽታዎች እርስ በርስ ሲመጋገቡ፣ ድህነትና መገፋትም ሲያባብሷቸው ምን እንደሚደርስ ከልዩ ልዩ ሰዎች ጥያቄዎች ቀርበውልኝ እንደሚከተለው መልሻለሁ። አንዳንዱ ጥያቄ ሰፊ በመሆኑ መልሱ ረዝሟል፤ በአጭሩ የሚመለሰውን በአጭሩ አልፌዋለሁ።

ጥያቄ፦ «ሲንደሚክ» የሚለውን ቃል በቅርቡ ሰማሁት። አንድ ሰው ሁለት ሦስት በሽታ በአንድ ጊዜ ቢይዘው ከዚያ በምን ይለያል? እኛስ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የምንለው ይህንኑ አይደለም?

ተረቱ ለጉዳዩ ቅርብ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይገልጸውም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲመጣ መከራው ሁለት ይሆናል እንጂ ጆሮ ደግፉ እንቅርቱን አያሳድገውም፣ እንቅርቱም ለጆሮ ደግፉ መንገድ አይጠርግለትም። ሲንደሚክ በሚባለው ሁኔታ ግን አንዱ በሽታ ለሌላው ጉልበት ይሆነዋል፣ ሌላውም በተራው የፊተኛውን ያባብሰዋል፤ ሁለቱ በአንድ ሰፈር፣ በአንድ የሥራ ዓይነት ወይም በአንድ የኑሮ ደረጃ ላይ ባሉ ሰዎች ዘንድ ተከማችተው የሚገኙትም ያ ኑሮ ሰውን ለሁለቱም አሳልፎ ስለሚሰጥ ነው። እኔ በአማርኛ «ተመጋጋቢ ወረርሽኝ» ብንለው እመርጣለሁ።

ቃሉን ያወጣው አሜሪካዊው የሕክምና አንትሮፖሎጂ ምሁር ሜሪል ሲንገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በኮኔቲከት ግዛት በሃርትፎርድ ከተማ፣ በድሃ የፖርቶ ሪኮ ተወላጆች መካከል ሲያጠና፣ አደንዛዥ ዕፅ፣ ጥቃትና ኤድስ በየፊናቸው በሦስት መሥሪያ ቤቶች የሚቆጠሩ ሦስት ችግሮች ሳይሆኑ አንዱ ሌላውን እየወለደ የሚኖር አንድ ችግር እንደሆኑ አሳየ። ስለዚህ አንድን ሁኔታ በዚህ ስም ለመጥራት በሽታዎቹ አብረው መከማቸታቸው ብቻ አይበቃም፤ በሰውነት ወይም በአእምሮ ውስጥ የሚገናኙበት መንገድ መታወቅ አለበት፣ ያከማቻቸውም ማኅበራዊ ሁኔታ መታየት አለበት። የስኳር ሕመም ያለበት ባለጸጋ ሰው ጉንፋን ቢይዘው ነገሩ የሁለት በሽታ ጉዳይ ነው፤ ከዚያ አያልፍም።

ጥያቄ፦ ካላ አዛርና ኤች አይ ቪ በመተማና በሁመራ በኩል ለምን ይህን ያህል ተቆራኙ? ሌላ ቦታም ሁለቱም በሽታዎች አሉ።

ይህ ጥያቄ የጉዳዩ እምብርት ስለሆነ ከመሬቱ ልጀምር። በየዓመቱ ክረምቱ ሲገባ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ወጣት ወንዶች፣ ከደጋው ወደ ሁመራ፣ መተማ፣ ቋራና አርማጭሆ ቆላ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ለማረምና ለማጨድ ይወርዳሉ። የሚወርዱት መሬት ያልደረሳቸው፣ ወይም የደረሳቸው መሬት ቤተሰብ የማያኖር፣ ወይም የማዳበሪያ ዕዳ ያለባቸው ናቸው። መሬቱ ዋልካ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ለአሸዋ ዝንብ መጠለያ ይሆናል። በዚህ አካባቢ ካላ አዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከዋልካ መሬትና ከግራር ዛፍ ጋር ተቆራኝታ የምትኖር፣ ከወባ ትንኝ በጣም የምታንስ፣ ስትበር ድምፅ የማታሰማና በአብዛኛው ሌሊት የምትነክስ ፍጥረት ናት። ሠራተኛው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲያርም ውሎ የሚተኛው እርሻው መካከል በተተከለ ዳስ ውስጥ፣ ሙቀቱ ሲበረታ ደጅ በግራር ሥር ነው። ዝንቧና ሰውየው አንድ ዛፍ ሥር ያድራሉ ማለት ነው።

ዝንቧ የምታስገባው ሊሽማኒያ ዶኖቫኒ የሚባል ተውሳክ ወራሪን ውጠው ሊገድሉ በተፈጠሩት የመከላከያ ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያም በጣፊያ፣ በጉበትና በመቅኔ ይሰራጫል። ሆኖም በተውሳኩ ከተያዙት ሰዎች አብዛኞቹ አይታመሙም፤ በቂ ምግብ የሚያገኝና የመከላከል አቅሙ ያልተጎዳ ሰውነት ተውሳኩን ገትቶ ይይዘዋል። እንግዲህ ያልታመመውን ወደ ታመመ የሚለውጠው ምንድን ነው ብለን ስንጠይቅ ሁለት ትልልቅ ምክንያቶችን እናገኛለን፤ አንዱ ረሃብ ነው፣ ሌላው ኤች አይ ቪ ነው። በቆላው ሠራተኛ ላይ ሁለቱም ይገናኛሉ።

ኤች አይ ቪ የሰውነትን መከላከያ የሚመሩትን፣ ሲዲ4 የሚባሉትን ሕዋሳት ሲያጠፋ ተውሳኩን የሚገታው ኃይል ይጠፋል፤ ተኝቶ የኖረው ተውሳክ ይነሣል። የተነሣው ካላ አዛር ደግሞ የመከላከያ ሕዋሳቱን ያለ ዕረፍት ስለሚቀሰቅስ ቫይረሱ የሚራባበትን ሁኔታ ያመቻችለታል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ካላ አዛርን ከኤች አይ ቪ የመጨረሻ፣ ማለትም ከ4ኛ ደረጃ ምልክቶች ጋር ይመድበዋል። ታማሚው ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በትክክል እየወሰደ እንኳ ሲዲ4ው እንደሌሎች ታማሚዎች ቶሎ አያንሰራራም። በሁለቱም የተያዘ ሰው ደም ውስጥ የሚገኘው ተውሳክም የበዛ ስለሆነ፣ የነከሰችው ዝንብ ተውሳኩን ወደ ሌላው ሠራተኛ የማድረስ ዕድሏ ይጨምራል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የሕክምና ማዕከላት ቀደም ባሉት ዓመታት ከአምስት የካላ አዛር ታማሚዎች አንዱ፣ በአንዳንድ ጊዜና ቦታም ከሦስት አንዱ ኤች አይ ቪ በደሙ ይገኝ ነበር፤ በዓለም ላይ ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛ ከሆኑት መካከል ነው።

በዚህ ላይ ወባ አለ፤ ከደጋ የመጣው ወጣት ወባን ሳይለምድ ያደገ ስለሆነ ይጥለዋል። ሳንባ ነቀርሳም አለ፤ ክብደት መቀነሱና ትኩሳቱ ከካላ አዛር ጋር ስለሚመሳሰል አንዱ ሌላውን ይሸሽገዋል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከመተማ ከተመለሰ ሁለት ወር ሆኖታል። ትኩሳቱ አልለቀቀውም፤ ሁለት ጊዜ የወባ መድኃኒት ወስዷል። ሆዱ በግራ በኩል ተነፍቷል፣ ሰውነቱም አልቋል። ምን እናድርግ?

እህቴ፣ ዛሬ ነገ ሳትዪ ካላ አዛር ወደሚታከምበት ሆስፒታል ውሰጂው። በካላ አዛር አገር ቆይቶ የተመለሰ ሰው ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ጣፊያው ካበጠ፣ ክብደቱም ከቀነሰ በሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ ካላ አዛር ነው ተብሎ መመርመር አለበት፤ ሳይታከም የቀረ ካላ አዛር ሁሉንም ማለት ይቻላል ይገድላልና። አፍንጫው ከደማ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም እግሩ ካበጠ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ጉዞው አይዘግይ። ለሐኪሙ ስለ ትኩሳቱ ብቻ ሳይሆን የት ሠርቶ እንደመጣ፣ ስንት ክረምት ቆላ እንደወረደና የት ያድር እንደነበር ንገሪው፤ ብዙ ጊዜ ምርመራው የሚዘገየው ይህን የሚጠይቅ ሰው ስለሚጠፋ ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው፣ አር ኬ 39 የሚባለው ፈጣን የደም ምርመራ በምሥራቅ አፍሪካ በእስያ እንደሚሠራው ያህል አይሠራም፤ ታማሚው ኤች አይ ቪ ካለበት ደግሞ የመሳሳት ዕድሉ ይበልጥ ይሰፋል። ስለዚህ «የለበትም» ቢባል፣ ምልክቱ ግን ካለ፣ ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ጠይቂ። ሁለተኛው፣ የኤች አይ ቪ ምርመራም አብሮ ይደረግለት። ይህ ወንድምሽን ለመጠርጠር አይደለም፤ የመድኃኒቱ ምርጫ የሚለወጠው በዚያ ውጤት ነው። ቀድሞ የተለመደው የስቲቦግሉኮኔት መርፌ ኤች አይ ቪ ባለበት ሰው ላይ ልብንና ቆሽትን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።

ወባ ነው እየተባለ ጊዜ ማለፉ በእናንተ ቤት የተጀመረ አይደለም። በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም፣ ካላ አዛር ታይቶ በማይታወቅበት ደጋማ አገር፣ ሕዝቡ መድኃኒት የለመደ ወባ መጣ እየተባለ ሲቀብር ከርሞ በሽታው ምን እንደሆነ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በሽታውን ወደዚያ ያመጡት ከሁመራና ከመተማ ሥራ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሎ ይታመናል። ወደ ቆላ የሄደ ልጅ የሚታመመው ብቻውን አይደለም።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ጥፋቱ የራሳቸው የወጣቶቹ ነው ብዬ አስባለሁ። ገንዘብ ሲያገኙ ይጠጣሉ፣ ራሳቸውን አይጠብቁም። ለምን ድህነትን እንከሳለን?

ይህን ጥያቄ በመጠየቅዎ አመሰግንዎታለሁ፤ ብዙዎች በልባቸው የያዙትን ነው በግልጽ ያወጡት። እኔም በሥራዬ መጀመሪያ ከዚህ ያልራቀ አሳብ ነበረኝ።

አንድ ወጣት በሰኔ ከቤቱ ወጥቶ እስከ ኅዳር ድረስ እናቱን፣ ሚስቱን፣ የንስሐ አባቱን፣ «ተው» የሚለውን ጎረቤት ሳያይ ይከርማል። ደመወዙ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ሥራው ሲያልቅ በአንድ ላይ ነው፤ የሚከፈለውም ባንክና ቤተሰብ አጠገብ ሳይሆን መጠጥ ቤትና አልጋ ቤት በተደረደረበት የድንበር ከተማ ነው። ወባ ቢይዘው እንኳ ጤና ጣቢያ ከሄደ የቀን ሂሳቡ ይቆረጥበታል፤ ስለዚህ እስኪወድቅ ድረስ ያርማል። ዕዳውን የሚከፍል ገንዘብ ሳይዝ ወደ አገሩ መመለስ ያፈረ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በቆላ ይቀራል፤ በአካባቢው «ሳሉግ» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፣ ከሁሉም በላይ በሽታ የሚበረታበትም እርሱ ነው። እንግዲህ የአንድን ሰው ፈቃድ ብቻ ብንመረምር፣ ከአሥር ሺዎች መካከል ይህን ሁሉ ተቋቁሞ የሚመለስ ጠንካራ ሰው እናገኝ ይሆናል፤ አሥሩ ሺህ ለምን በአንድ ዓይነት በሽታ በአንድ ዓይነት መንገድ እንደሚወድቁ ግን አይገባንም።

በአንድ ወቅት የሃያ አራት ዓመት ልጅ ለሦስተኛ ጊዜ በቃሬዛ መጣልኝ። ሁለት ጊዜ ታክሞ ድኖ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ከሆስፒታል ሲወጣ የአውቶቡስ መሳፈሪያ ስላልነበረው ወደሚያውቀው እርሻ ተመልሶ ሄዷል። መድኃኒቱን ሰጥተነው የማደሪያውን ነገር ሳንጠይቀው ወደዚያው ግራር ሥር የሸኘነው እኛ ነን። ያንን ልጅ «ራስህን አልጠበቅህም» ለማለት አንደበት አጣሁ።

ጥያቄ፦ ሕሙማኑ ሐኪም ቤት የሚደርሱት ዘግይተው ነው ይባላል፤ ምክንያቱም ጸበል ስለሚሄዱ ነው። ጸበሉ ይከልከል ማለት ነው?

አይደለም። በረጅም ትኩሳት የተንገላታ፣ ገንዘብ የጨረሰ፣ ዘመድ የራቀው ሠራተኛ ሳይጠየቅ የሚያድርበትና ሰው የሚያገኝበት ቦታ ጸበል ነው፤ ይህን መጠለያ በእገዳ ብናሳጣው ወደ ሐኪም ቤት ሳይሆን ወደ ጫካ ነው የሚሄደው። ጎጂው ጸበሉ ሳይሆን መድኃኒት ማቋረጡ ነው፤ በተለይ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የጀመረ ሰው ሲያቋርጥ ሲዲ4ው ወርዶ ካላ አዛሩ ይነሣል። ጸበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል የሚያስተምሩ ካህናት በአገራችን ብዙ ናቸው። በካላ አዛር አካባቢ ባሉ የጸበል ቦታዎች ትኩሳት የበረታበትን ለይቶ ወደ ሕክምና የሚልክ የሠለጠነ ሰው ቢኖር፣ ከተማ መካከል ከሚሰቀል ማስታወቂያ ሁሉ የበለጠ ሰው ያድናል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ካላ አዛሩ ለምን ይመላለስበታል? አዲስ መድኃኒት የለም?

የሚመላለሰው መድኃኒቱ ተውሳኩን ቢቀንሰውም ቀሪውን የሚያጸዳው የሰውነት መከላከያ ስለሌለ ነው፤ ሲዲ4ው ዝቅ ባለ ቁጥር የማገርሸት ዕድሉ ይጨምራል። ስለ መድኃኒቱ ግን የምሥራች አለ፤ እርሱም የተገኘው ከእኛው አገር ነው። በጎንደርና በምዕራብ አርማጭሆዋ አብዱራፊ ከተማ በተደረገ፣ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት፣ በደም ሥር የሚሰጠው አምቢዞም ብቻውን የተሰጣቸውና አምቢዞም ከሚልቴፎሲን ክኒን ጋር የተሰጣቸው ታማሚዎች ተነጻጸሩ። ተውሳኩ ያልጠፋላቸው ሕክምናው ከተራዘመላቸው በኋላ ሲታይ፣ ብቻውን በወሰዱት ዘንድ ውጤታማነቱ 55 በመቶ፣ በጣምራ በወሰዱት ዘንድ ግን 88 በመቶ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለምሥራቅ አፍሪካ ያወጣው መመሪያም ጣምራውን ይመክራል፤ ከዚያ በኋላ እንዳያገረሽ የመከላከያ መድኃኒት መስጠትንም ይጨምራል።

ይሁን እንጂ ጣምራ ሕክምናው 28 ቀን ይፈጃል። መድኃኒቱ በነጻ ቢሰጥም ሃያ ስምንት ቀን የሚያስታምም ሰው፣ የአስታማሚው ምግብ፣ የቀረው የቀን ሥራ፣ የመመለሻው ትራንስፖርት በነጻ አይመጣም። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኑም የተመሠረተው ቤተሰብ በሚኖርበት ቀበሌ ስለሆነ፣ ከቤቱ ርቆ ቆላ ላይ ለወደቀ ልጅ እምብዛም አይደርስለትም። ሰውየው በድህነት ምክንያት ታመመ፤ በሕመሙ ምክንያት ደግሞ የባሰ ይደኸያል፤ በሚቀጥለው ክረምት ዕዳው ጨምሮ፣ ሰውነቱ ግን ደክሞ ወደዚያው ቆላ ይወርዳል። በሽታዎቹ እርስ በርስ የሚመጋገቡበት ትልቁ መንገድ ይህ ነው፤ በማይክሮስኮፕ አይታይም።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ስለ ወንዶች ነው። ሴቶችስ?

ጥያቄው ተገቢ ነው። በቆላው እርሻ የሚታመመው በአብዛኛው ወንድ ቢሆንም፣ በካምፕ ምግብ የምታበስለው፣ በድንበር ከተማ መጠጥ ቤት የምትሠራው ሴት ለኤች አይ ቪ ከእርሱ ይልቅ የተጋለጠች ናት፤ ብዙዎቹም ከደጋ የመጡት በዚያው በመሬት እጦትና በትዳር መፍረስ ምክንያት ነው። ስለ እርሷ የሚነገረው ግን «አስተላላፊ» ተብላ እንጂ ታማሚ ተብላ አይደለም፤ ይህ ያሳዝነኛል፣ ሐሰትም ነው። በሊቦ ከምከም እንደታየው በሽታው ወደ መንደር ሲገባ ሴቶችንና ሕፃናትን ይይዛል። ሚልቴፎሲን ፅንስን ስለሚጎዳ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ልትወልድ የምትችል ሴት ስትወስደውና ከዚያም በኋላ ለወራት የእርግዝና መከላከያ ያስፈልጋታል። ይህን ለብቻዋ የሚያስረዳት ባለሙያ ሊመደብላት ይገባል።

ጥያቄ፦ በሽታና ድህነት መመጋገባቸው አዲስ ግኝት ነው? አባቶቻችን አያውቁትም ነበር?

ስሙ አዲስ ነው፤ ነገሩ ግን በአገራችን ታሪክ በክፉ ቀን በጉልህ ተጽፏል። ለጣልያን ጦር ከሕንድ በመጡ ከብቶች በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ አገሩን ሲያዳርስ የታረደው በሬ ሳይሆን የሞተው በሬ በዛ፤ በሬ ሲጠፋ የሚያርስ ጠፋ፣ ዝናቡም ቀረ፣ አንበጣውም ተጨመረ። የተራበው ሕዝብ ምግብ ፍለጋ በየመንገዱና በየከተማው ሲከማች ፈንጣጣ፣ ተስቦና ኮሌራ ተከታትለው ገቡበት። ያን ጊዜ ሰው የሞተው በረሃብ ነው ወይስ በበሽታ ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም። ጎተራ የነበረውና ጎተራ ያልነበረው ሰው እኩል እንዳልሞቱ ግን የታወቀ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው በጀርመን አገር ነው። ይህ የቆላ ጉዳይ እኛን ይነካናል?

በሁለት መንገድ ይነካችኋል። አንደኛው፣ ድህነትና መገፋት በሽታን የሚያራቡት በቆላው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በሊቢያ በኩል አውሮፓ በገቡ የአፍሪካ ቀንድ ስደተኞች ላይ፣ ጀርመንን ጨምሮ በተለያዩ አገሮች፣ በልብስ ቅማል የሚተላለፈው እኛ «ግርሻ» የምንለው ትኩሳት ተገኝቷል። ቅማሉ የተራባው ሰው በሰው ላይ ታጉሮ፣ ልብስ ሳይቀይር ለሳምንታት በሚያድርበት ማቆያ ነው፤ እንግዲህ በሽታው የአገር ሳይሆን የአያያዝ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ምክር ነው፦ ካላ አዛር ባለበት ቆላ የኖረ ወይም የሠራ ሰው ተውሳኩን ለዓመታት ሳያውቀው ይዞት ሊኖር ይችላል። የመከላከል አቅምን የሚያወርድ መድኃኒት ሊያዝልዎት የተዘጋጀ ሐኪም ካለ፣ ወይም ኤች አይ ቪ ካለብዎት፣ መቼና የት እንደኖሩ ይንገሩት፤ በውጭ ያለ ሐኪም ይህን በራሱ ላያስብ ይችላል።

ጥያቄ፦ በአንድ ወረዳ የጤና ጽሕፈት ቤት እሠራለሁ። በጀታችን ትንሽ ነው። ከየት እንጀምር?

ከሁሉ በፊት የቲቢውን፣ የኤች አይ ቪውን፣ የወባውንና የካላ አዛሩን መዝገብ አንድ ጠረጴዛ ላይ አምጥታችሁ ስም በስም አስተያዩት። አንድ ሰው በአራት መዝገብ ተጽፎ፣ አራት ቀጠሮ ተሰጥቶት፣ በአንዱም ሳይመጣ ቀርቶ ታገኙታላችሁ። ቀጠሮውን አንድ ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም።

ቀጥሎ ቀን መቁጠሪያችሁን ከሰሊጡ ጋር አስማሙት። ሠራተኛው ሲወርድ በመውረጃ ከተማው፣ ደመወዝ ሲከፈለው ደግሞ በመክፈያው ቦታ ካልተገኛችሁ ዓመቱን ሙሉ ጤና ጣቢያ ተቀምጣችሁ ብትጠብቁት አይመጣም። በመድኃኒት ለተረጋጋ ታማሚ የስድስት ወር ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠት በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የተፈቀደ አሠራር ነው፤ ለወቅታዊ ሠራተኛ ከዚህ የሚስማማ የለም። ለመውረድ የተዘጋጀውን በደጋው ወረዳ ሳለ ብታገኙት ደግሞ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል።

ከባለሀብቶቹ ጋር የሚደረገው ንግግር ከባዱ ነው። አጎበርና መጠለያ ስትጠይቋቸው ወጪውን ያነሣሉ፤ በአጨዳ ሰዓት ሠራተኛው በትኩሳት ሲወድቅ የሚረግፈውን ሰሊጥ አስልታችሁ አቅርቡላቸው። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ቀናት አይታገሥም፤ ይህን ከእናንተ ይልቅ እነርሱ ያውቁታል። ነገር ግን ሁሉ በበጎ ፈቃድ እንዲያልቅ አትጠብቁ። የማደሪያና የንጹሕ ውኃ ጉዳይ በእርሻ መሬት ኪራይ ውል ውስጥ ገብቶ የግብርናና የሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቶች ካልተቆጣጠሩት፣ የጤና ጽሕፈት ቤት ብቻውን ዝንቧን ሲያባርር ይኖራል።

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ በዚህ ሰኔ ወደ ሁመራ ሊወርድ ነው። ብንለምነውም አልቀረም። ምን ይዞ ይሂድ?

አባቴ፣ ልጁ የሚሄደው ቸግሮት ስለሆነ በቁጣ አይሸኙት። በኬሚካል የተነከረ አጎበር ይግዙለት፤ ጉድጓዱ የጠበበ ቢሆን ይሻላል፣ የአሸዋ ዝንብ ትንሽ ናትና። በዳስም ሆነ በደጅ ከአጎበሩ ውጭ እንዳያድር፣ በተቻለው ሁሉ ከግራሩ ሥርና ከተሰነጠቀው መሬት ርቆ እንዲተኛ ይምከሩት። ሳይወርድ በፊት የኤች አይ ቪ ምርመራ ያድርግ፤ ቢገኝበት መድኃኒቱን ጀምሮ ሰውነቱ እስኪበረታ አንድ ክረምት ቢቀር፣ ዕዳው ቢያሳስብም፣ ከዕዳው የሚበልጥ ነገር ይተርፍለታል። ደመወዙን ሲቀበል ወዲያውኑ በስልክ ወደ እናቱ የሚልክበትን መንገድ አሁኑኑ ያዘጋጁለት። ትኩሳት ይዞት የወባ መድኃኒት ወስዶ ካልተሻለው ሥራው ሳያልቅም ቢሆን ወደ አብዱራፊ ወይም ወደ ጎንደር ይሂድ፤ ለዚያ ጉዞ የሚበቃ ብር ከሌላው ለይተው በልብሱ ውስጥ ይስፉለትና ለምን እንደተሰፋ ይንገሩት።